ለሕፃናት ስለ ቅባትና ስለ ጣፋጭ መጠጥ ምን እናስተምር?

ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ምግብ ሊማሩ ይገባል የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ሰው በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በከተማውም ሆነ በገጠሩ ማግኘት ያስቸግራል። ክርክር የሚነሣው «ምን ይማሩ?» ወደሚለው ጥያቄ ሲደረስ ነው። በበለጸጉት አገሮች ለትንንሽ ልጆች ለብዙ ዘመን ሲሰጥ የኖረው ትምህርት «ቅባት ቀንሱ፣ ስኳርም ቀንሱ» የሚል ነበር። ይህ ምክር የተቀመረው ጠግቦ ለሚያድር፣ ሥጋና ቅቤ ከማዕዱ ለማይጠፋ ልጅ ስለሆነ በዚያ ቦታው ላይ ያስኬዳል። ይህንኑ እንዳለ ገልብጦ ለጃቢ ጠህናን ወይም ለወምበርማ ገበሬ ልጅ ማስተማር ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ግማሹ እውነት ግማሹ ስሕተት የሆነ ትምህርት መስጠት ነው። ስለ ስኳር የሚነገረው ለእኛም ይሠራል፤ ስለ ቅባት የሚነገረው ግን እንደ ገና መታሰብ አለበት።

በቅድሚያ ቅባትን እንመልከት። አንድ ግራም ቅባት ለሰውነት 9 ካሎሪ ኃይል ሲሰጥ አንድ ግራም ስኳር የሚሰጠው 4 ካሎሪ ብቻ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ እንጀራውና ድንቹ ቶሎ ይሞሉታል እንጂ ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ኃይል ሁሉ አይሰጡትም። በሽሮው ላይ የምትጨመር አንዲት ማንኪያ ዘይት ያን ጉድለት ታቃልላለች። ከዚህም ሌላ ቪታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በቅባት የሚሟሙ በመሆናቸው፣ ጎመንና ካሮት የበላ ልጅ ከምግቡ ጋር ጥቂት ቅባት ካላገኘ ከቪታሚን ኤ የሚደርሰው ጥቅም አነስተኛ ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ካለው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከቅባቱ መሆኑን ልብ በሉ፤ ተፈጥሮ ራሷ ለሕፃን ቅባት አትነፍግም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል በመቶ 46 የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። እንዲህ ባለ አካባቢ ቆሞ «ቅባት ጎጂ ነው» ብሎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር የሚያስተምራቸውን ልጆች አላያቸውም ማለት ነው።

ታዲያ ሕፃናቱ መማር ያለባቸው ቅባትን መፍራት ሳይሆን ዓይነቱን መለየት ነው። ክረምቱ ሲወጣ የጎጃምን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ ለዚህ የተመቸ መነሻ ነው። በኑግ ዘይት ውስጥ ካለው ቅባት ከአሥር እጅ ስምንቱ የማይረጋው፣ ለልብና ለደም ሥር የሚስማማው ዓይነት ነው። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ደግሞ ኦሜጋ 3 የሚባለው፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው ቅባት ነው። ከውጭ አገር የሚገባው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። ቅቤም ከዚሁ ወገን ነው፤ የቅቤ ወዳጆች ይህን መስማት ባይወዱም። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ በሽሮ ላይ ጠብ የምትል ቅቤ ለገበሬ ልጅ ጉዳት ታመጣለች ብሎ ማስፈራራት አይገባም።

ይህን ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በአንድ ብልቃጥ የኑግ ዘይት፣ በሌላው የፓልም ዘይት አድርጎ በታኅሣሥ ሌሊት ደጅ ማሳደር ይበቃል። በተለይ እንደ ሰከላና እንደ ደጋ ዳሞት ባለው ደጋማ አገር ጠዋት ሲታይ የፓልሙ ዘይት ደፍርሶ ወይም ረግቶ ይገኛል፤ የኑጉ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ በዓይኑ ያየውን ይህን ነገር አይረሳም። መምህሩ ግን «በደም ሥራችሁም ውስጥ እንዲሁ ይረጋል» ከማለት ይጠንቀቅ። የሰውነት ሙቀት አያረጋውም፤ ጉዳቱ የሚመጣው እንዲህ ያለው ቅባት ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ የኮሌስትሮል ዓይነት ስለሚጨምር ነው። ለሕፃን ማቅለል ተገቢ ነው፤ የማይሆነውን መንገር ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ጉዳይ አለ። ለውጭ ገበያ ከሚቀርበው ኑጋችን ከፊሉ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተልኮ በየጓሮው ለሚያርፉ የዱር ወፎች ቀለብ ይሆናል፤ እኛ ደግሞ በምንዛሪ የፓልም ዘይት ገዝተን እናስገባለን። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ፊቤላ የተባለው የምግብ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮ ነበር። ፋብሪካ መቆሙ መልካም ነው፤ ልጆች መጠየቅ የሚገባቸው ግን በውስጡ የሚጨመቀው ምንድን ነው ብለው ነው።

ወደ ስኳሩ ስንመጣ አስተያየቴ ይጠብቃል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ የተለመደ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም የማያንስ፣ ይኸውም ወደ 8 የሚጠጋ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳርና ከማር የሚገኘው ኃይል የዕለቱ ምግብ ከሚሰጠው አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከዚያ ግማሹ እንዲሆን መክሯል። በቀን 1500 ካሎሪ ለሚያገኝ ልጅ አንድ አሥረኛው 37 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ብቻውን የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ምን ቀረው? በምትኩም ፕሮቲን የለውም፣ ቅባት የለውም፤ በአንጻሩ በዚያው ልክ የተቀዳ ወተት 10 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ይበላል። ጠርሙሱን ይዞ እየተጎነጨ ግማሽ ቀን የሚያሳልፍ ልጅ በአንድ ጊዜ ከጠጣው ይልቅ ጥርሱን ይጎዳል።

«ለስላሳ የከተማ ልጅ ጉዳይ ነው፤ የገጠሩ ልጅ ከየት አምጥቶ ይጠጣል?» የሚሉ አሉ። መልሱ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይገኛል። በገጠሩ ብዙ ልጆች ቁርሳቸው ዳቦና ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ ነው። ሁለት ብርጭቆ ከጠጡ ከጠርሙሱ ጋር ተስተካከሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ ብረት እንዳይወስድ ያውካል። ብርዝም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ የጎጃም ማር ያማረ ቢሆንም በውኃ ሲበረዝ ጣፋጭ መጠጥ መሆኑ አይቀርም። ለበዓል ደስ ይላል፤ የዕለት መጠጥ ሲሆን ግን ከሌሎቹ ጋር ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጠርሙሱ ክብር ነው። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ ይከፈታል፤ በሽተኛ ሲጠየቅ ለስላሳ ይያዛል፤ ልጅ በፈተና ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ለስላሳ ይገዛለታል። በቤት ያለው አሬራ ወይም የተልባ መጠጥ ግን የድሃ ነገር ተደርጎ ወደ ጓዳ ይገፋል። ልጁ ከመምህሩ አንድ ሰዓት ከሚሰማው ይልቅ ከወላጆቹ እጅ ዓመቱን ሙሉ የሚያየው ይበልጥበታል። ስለዚህ ትምህርቱ የአክባሪነትን ልማድ የሚነቅፍ ሳይሆን በምን ማክበር እንደሚቻል የሚያነጋግር መሆን ይኖርበታል፤ አለዚያ ልጁ አያቱን በእንግዳ ፊት የሚያሳፍር ገሣጭ ይሆናል፤ ይህም ምንም አይጠቅምም።

በሌላ በኩል፣ የአካባቢ ሳይንስ መምህሩ ጠዋት ስለ ስኳር አስተምሮ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከረሜላና ለስላሳ፣ ወይም በጠቆረና ደጋግሞ በፈላ ዘይት የተጠበሰ ቦምቦሊኖ የሚገዙ ከሆነ ትምህርቱ ከበሩ አያልፍም። በዚያ ቦታ የሚሸጡት ሴቶች ኑሯቸውን በዚሁ የሚገፉ ናቸውና ማባረር ፍርድ አይደለም። ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ሙዝ እንዲያቀርቡ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ቢያነጋግራቸው ግን ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

እስካሁን ስለ መምህር ስናገር ቆየሁ፤ ዳሩ ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት በምዕራብ ጎጃም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ስለቆዩ፣ በርካታ ሕፃናት መምህር ሳያገኙ ዓመታት አልፈውባቸዋል። እናንተ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ፊደል የሚያስቆጥራቸው ታናሽ ወንድምና እኅት ያላችሁ እንደሆነ፣ ይህ ጉዳይ ለሌላ የሚተው አይደለም። ነገ ጠዋት ሻይ ሲቀርብ ማንኪያውን ለትንሹ ስጡት፤ በእያንዳንዱ ብርጭቆ የሚገባውን ስኳር ራሱ ይቁጠር፤ የሳምንቱንም ደምሮ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ድምሩን ካያችሁ በኋላ በዚያ ስኳር ዋጋ ከገበያ ስንት ኩባያ ኑግ ወይም ስንት እንቁላል እንደሚገዛ እናታችሁን ጠይቋት፤ የገበያውን ዋጋ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም።