የጠፋ መብራት ሁሉ የጤና ምልክት አይደለም

በአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚበሩትን ትንንሽ መብራቶች ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ ወይም እንደ ጭቅጭቅ እንቆጥራቸዋለን። እያንዳንዳቸው ግን የመለኪያ ውጤት ናቸው፤ መነበብም ይገባቸዋል።

ቀዩን የዘይት መብራት እንመልከት። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ይህ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ መጠን ሳይሆን ስለ ግፊቱ ነው። ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ሲወርድ በሞተሩ ላይ ያለች ማብሪያ የኤሌክትሪኩን ዑደት ትዘጋለች፤ መብራቱም ይበራል። በጉዞ ላይ ይህ ከታየ «ቤት ስደርስ አየዋለሁ» አይባልም። ብረት ከብረት ሳይፋተግ መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው።

የባትሪው መብራት ደግሞ በቀድሞዎቹ መኪኖች አንድ ጫፉ በቁልፉ በኩል ከባትሪው፣ ሌላው ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ነው። ዲናሞው ኃይል ሲያመነጭ በሁለቱ ጫፎች መካከል የነበረው የቮልቴጅ ልዩነት ስለሚጠፋ መብራቱ ይጠፋል።

እንግዲህ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉ ሲከፈት ሁለቱም መብራቶች መብራት አለባቸው። ያልበራ ካለ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ሽቦው ተበጥሷል፣ አለዚያም ጉድለት ለመሸፈን ሆን ተብሎ ተነቅሏል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙ አስቀድሞ ይህን ሊያይ ይገባል። በቤተ ሙከራም ቢሆን መሣሪያው መሥራቱ ሳይረጋገጥ «ምንም አልታየም» ማለት ውጤት አይደለም።

ውድ ተማሪዎች፣ አባታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ መኪና ሲያስነሡ ቁልፉን ከፍተው ጥቂት እንዲቆዩ ለምኗቸውና መብራቶቹን ቁጠሩ።