«ሁሉም ይጠንቀቅ» ለሚሉን ክቡር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በላስ ቬጋስ የሰፈራችንን የቦይ ዳር መንገድ ለሚያስተዳድሩት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

የነገሩን መነሻ አልደግምም፤ ስለ መንገዱ አደገኛነት ያቀረብናቸው ማመልከቻዎች እጅዎ ላይ ናቸው። በቀጥታ መንገዱ ወደሚያልፍበት ድልድይ ሥር ልግባ።

ባለፈው ሐምሌ ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን ተከናንበው ለወክ የወጡ የሰፈራችን እናት እዚያ ድልድይ ሥር ከኋላቸው በመጣ ፔዳል የሌለው ባለ ሞተር ብስክሌት ተገጭተው ወደቁ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ደወል አልተሰማም። ነጂው ዞር ብሎ አያቸውና በረረ።

መሥሪያ ቤትዎ «አሳዛኝ አጋጣሚ» አለው። በትሕትና ልጠይቅዎት፦ አጋጣሚነቱ የቱ ላይ ነው? መንገዱ ወደ ድልድዩ ሥር ሲገባ ቁልቁል ወርዶ እዚያው ይታጠፋል፤ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንዳለ አይታይም። የጣሪያው መብራት ጠፍቶ ከርሟል። የመሐል መስመሩን ጎርፍ ያመጣው ደለል ውጦታል። «ፍጥነት ቀንሱ» የሚለው ታፔላ የተተከለው ከመታጠፊያው በኋላ ነው! ይህን ሁሉ ፎቶ አንስተን የላክንልዎ እኚህ እናት ከመውደቃቸው በፊት ነበር። ያገኘነው መልስ «የጋራ መንገድ ስለሆነ ሁሉም ተጠቃሚ ይጠንቀቅ» የሚል ነው። አዛውንቷ ከኋላቸው የሚመጣውን በምን ዓይናቸው ይጠንቀቁ?

አንባቢ ይፍረደን። ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማችን 120 ዲግሪ ፋራናይት ገባች፤ 49 ሴልሺየስ ገደማ መሆኑ ነው፤ እስከዚያ ቀን ተመዝግቦ የማያውቅ ሙቀት። በዚህ አገር በጋ ሰው የሚራመድበት ሰዓት ንጋትና ምሽት ብቻ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ይዟቸው ሐኪም «ተራመዱ» ያላቸው አዛውንቶች፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሯጩ፣ ውሻ የሚያንሸራሽረው፣ ከሌሊት ሺፍት በብስክሌት የሚመለሰው የካዚኖ ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚያችው ሰዓት በዚያችው ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከተማችን ያለችበትን ሸለቆ ከጎርፍ ለማዳን የጎርፍ መቆጣጠሪያ ድስትሪክት ከተቋቋመበት ከ1985 ጀምሮ ግድብና ቦይ ሲሠራ ኖሯል። ለውኃው መሄጃ ይህን ያህል ከታሰበ ለሰውስ?

ብስክሌት ይከልከል አላልንም። እንጀራውን በብስክሌት የሚፈልግ ወገን አለን። ግን የኔቫዳ ሕግ ራሱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚሠራ ፔዳል ሊኖረው ይገባል ይላል፤ የሞተሩም እገዛ እንደ ደረጃው በሰዓት 20 ወይም 28 ማይል ላይ እንዲቆም ያዛል። ፔዳል የሌለው ከእግረኛ ጋር ምን ያጋፋዋል? ያው ሕግ መኪና ብስክሌትን ሲያልፍ ቢያንስ 3 ጫማ እንዲርቅ ያስገድዳል። ብስክሌተኛው ከመኪና የሚጠብቀውን ለእግረኛው እንዲያደርግ የሚያዝ አንድ ታፔላ በመንገዳችን ላይ የለም። በእንግሊዝ አገር ፈረስ ጀልባ ይጎትትባቸው የነበሩት የቦይ ዳር መንገዶች ዛሬ እንደኛው የጋራ ናቸው፤ አስተዳዳሪው ድርጅት ግን ቅድሚያው የእግረኛ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። ፈጣኑንና ዘገምተኛውን እኩል «ተጠንቀቁ» ማለት ፍርድ አይደለም፤ ለፈጣኑ ማድላት ነው።

ስለዚህ መብራቱ ይብራ፤ ደለሉ ይጠረግ፤ ታፔላው ከመታጠፊያው በፊት ይተከል። ይህ የቀድሞው ጥያቄያችን ነበር፤ ያኔ ቢፈጸም ኖሮ እዚያው ባበቃ። ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉን ግን ዛሬ በዚህ አናበቃም። ቅድሚያ የእግረኛ መሆኑን የሚደነግግ ደንብ ይውጣ። የፍጥነት ወሰን ይቀመጥ፤ በንጋትና በምሽት ተቆጣጣሪ ይመደብ። በመንገዱ ላይ የደረሰው አደጋ ሁሉ መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። በየመንገዱ ጥላና የመጠጥ ውኃ ይኑር። አውራጃችን ክላርክ ካውንቲ በ2023 ለ«ሊትል ኢትዮጵያ» በይፋ እውቅና ሲሰጥ ያጨበጨብነው ለስሙ ብቻ አልነበረምና ማስጠንቀቂያው በአማርኛም ይጻፍ። ሕዝባዊ ስብሰባ የሌሊት ሠራተኛ በሚተኛበት ረፋድ አይጠራ፤ አስተርጓሚም ይገኝበት። በጀቱ ሲደለደልም ከእኛ ወገን የሚቀመጥ ሰው ይኑር።

መልስዎን በደብዳቤ ሳይሆን በዚሁ አደባባይ እንጠብቃለን። እርስዎን የሾሙትን ሰዎች የሚመርጠው ድምፃችን መሆኑን ግን፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣ እናስታውስዎታለን።

የሰፈሩ ነዋሪ
ላስ ቬጋስ