ማሳሰቢያ፦ «ፎርማት ላርገው?» ሲሏችሁ «ቆይ» በሉ

ይህ ማሳሰቢያ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ጎንደር ውስጥ ከፀዳ እስከ አዘዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚያስስ ተማሪ፣ የመሥሪያ ቤቱን ፔሮል ከቁልፉ ጋር አንጠልጥሎ ለሚዞር ሠራተኛ፣ እንደኔ የእድር ጸሐፊነት ለተጫነበትም ሰው ነው።

መብራት ጠፍቶ ውሎ አመሻሹ ላይ መጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ጠብቄ ፍላሼን ለሠራተኛው ልጅ ሰጠሁ። ልጁ ሲከፍተው ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል። «ጋሼ፣ ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ላርገው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «አርገው» አልኩት። የሁለት ዓመት የመዋጮ መዝገብ ውኃ እንኳ ሳልጎነጭ ሄደ።

ለካስ ቫይረሱ ምንም አልበላም ነበር። ይኼኛው ዓይነት ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቀውና በዚያው ስም የውሸት ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን የነካ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ አትንኩት፤ የፍላሹን ፕሮፐርቲስ ክፈቱ። ባዶ የመሰላችሁ ፍላሽ 3 ጊጋባይት ተይዟል ካለ፣ ፋይላችሁ እዚያው ተደብቆ ተቀምጧል። አንቲቫይረስ ባለው ኮምፒውተር አስፈትሹትና ባለሙያው «አትሪብ» በምትባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ መደበቂያውን ያንሳለት። አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አይፈጅም።

ፎርማት ከተደረገም ወዲያው ንቀሉት። ኩዊክ ፎርማት የሚደመስሰው ማውጫውን ነው፤ ገጾቹ አሉ። ፎቶሬክን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም ብዙው ይገኛል፤ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት። እኔ ግን «ባዶ ከሆነማ» ብዬ እዚያው መዝሙር አስጫንኩበት።

«ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠው» የሚለውም ምክር ብቻውን አያዛልቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ጎግል ድራይቭ ላይ ያለ ጽሑፍ ለብዙ ሰው እያለ የሌለ ነበር። ሁለተኛ ፍላሽ ግዙ፤ ቤት ይቀመጥ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ አይድረስ።

ቅጂውንም አልፎ አልፎ ክፈቱት፤ ሳይፈተሽ የተቀመጠ ቅጂ በቁርጥ ቀን ላይሠራ ይችላል። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ያጋጠመው ይኸው ነው። ባለሙያው ሰርቨር ተሳስቶ ዳታቤዙን ሲሰርዝ፣ 300 ጊጋባይት ከሚሆነው 4.5 ያህሉ ሲቀር ነው የነቃው። ባክአፕ ነበራቸው፣ ያውም በአምስት መንገድ፤ ሲፈለግ አንዱም በወጉ አልሠራም። ያተረፋቸው ለሌላ ሥራ ተብሎ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት የተነሳ ቅጂ ነው።

እድርተኛው ይቅርታ አድርጎልኛል። የደረሰኝ ጉርድ እያገላበጥኩ መዝገቡን እንደገና እየጻፍኩ ነው፤ ዝናብ ያገኘው የሐምሌው ጥራዝ ግን አልነበብ ብሎኛል።