ፌስታሉን ሲፈትሹ ፋክቱሩ አለፈ!

መርካቶ ውስጥ ትልቅ ዕቁብ የደረሰው ነጋዴ ብሩን በማዳበሪያ ቋጥሮ ባንክ ሲገባ ምን እንደሚገጥመው የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ገንዘብ ተቀባይዋ ትቆጥራለች፤ ቀጥላ «ከየት የመጣ ነው?» ትላለች። ጥፋቷ አይደለም፤ ሕጉ ነው ጠይቂ የሚላት። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 657፣ በኋላም እሱን የተካው የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 780፣ ባንኮች ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነን የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ ለፋይናንስ ደኅንነት መረጃ ማዕከል (ኋላ ስሙ «አገልግሎት» ለተባለው) እንዲያሳውቁ አስገደዱ። በ2006 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መጠኑ 300 ሺህ ብር፣ በውጭ ምንዛሪ ከሆነም 15 ሺህ ዶላር ተባለ።

ሌባ ይያዝ ሲባል ማን ይጠላል? ሪፖርት መደረግም በራሱ ክስ እንዳልሆነ እናውቃለን። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ይህች አገር የተዘረፈችው በማዳበሪያ ነው እንዴ?

ግሎባል ፋይናንሺያል ኢንተግሪቲ የተባለው የዋሽንግተን ተቋም ባወጣው ግምት፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ብቻ 11.7 ቢሊዮን ዶላር ከኢትዮጵያ በሕገወጥ መንገድ ወጥቷል። ግምት ነው፤ ተጋንኗል እንበልና ግማሹን እንጣለው። የቀረው ግማሽስ ቢሆን በሻንጣ ይወጣል? የሚወጣው በወረቀት ነው! አስመጪው 100 ዶላር የሚያወጣውን ዕቃ 150 ነው የሚል ፋክቱር (ኢንቮይስ የሚሉት) ያሠራል፤ ባንኩ ኤልሲ ከፍቶ 150ውን ይልካል፤ 50ዋ ዱባይ ወይም ጓንዡ ቀርታ በሰው ስም ትተኛለች። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ አንዲት የምትቆጠር ኖት ግን የለችበትም። ታቦ ምቤኪ የመሩት የአፍሪካ ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረበው ሪፖርት፣ ከአህጉሩ ከሚሸሸው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለንግዱ ማጭበርበር ነው።

ሩቅ ምን አስኬደን? በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ሜቴክ ያለ ጨረታ የ37 ቢሊዮን ብር የውጭ ግዢ ፈጽሟል ሲሉ ጆሯችንን ማመን አቅቶን ነበር። የውጭ ግዢ በፌስታል አይከፈልም፤ በባንክ በኩል ነው የሚያልፈው። ያኔ «ከየት የመጣ ነው? ወዴትስ ይሄዳል?» ያለ ማን ነበር?

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። መመሪያው ሲወጣ 300 ሺህ ብር 15 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ተብሎ ተለቀቀ፤ ዶላር 120 ብርን ሲያልፍ ያችው 300 ሺህ ከ2,500 ዶላር በታች ወረደች። ያኔ «ትልቅ ገንዘብ» የተባለው የቆርቆሮ ነጋዴ የአንድ ቀን ሽያጭ ሆኖ አረፈው። (አሜሪካኖቹም በዚህ አይመኩብንም፤ የእነሱ 10 ሺህ ዶላር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፈቅ አላለም። የተማርነው ከእነሱ ነው መሰል።)

ወለሉ ሲዘቅጥ ሪፖርቱ ይከመራል። ገለባው እንዲህ ሲበዛ ፍሬውን ማን ይለቅመዋል? ነጋዴውም ሞኝ አይደለም፤ ዛሬ 290፣ ነገ 280 እያለ ይሸነሽናል፣ ወይ ጭራሽ ከባንክ ይሸሻል። በግንቦት 2012 ብሔራዊ ባንክ ግለሰብ በቀን ከ200 ሺህ ብር በላይ አያወጣም ሲል፣ በ2013 መግቢያ ደግሞ ከ1.5 ሚሊዮን ብር በላይ በእጅ መያዝ ተከልክሎ ብሩ ሲለወጥ፣ ስንቱ ሰው ባንክን እንደ ወጥመድ ማየት እንደጀመረ ገበያ የዋለ ያውቀዋል።

እንግዲህ የሚመለከታችሁ ሹማምንት፣ ከባንኮች ከጎረፈላችሁ የጥሬ ገንዘብ ሪፖርት ውስጥ ስንቱ ፍርድ ቤት ደረሰ? ከደረሰውስ ስንቱ የባለሥልጣን ነው? ስም አልጠየቅንም፣ ቁጥር ነው፤ ምስጢር ነው ብላችሁ አትለፉን። ወለሉም በየዓመቱ ከኑሮው ጋር ይታይ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጉምሩክ የመዘገበውን ዋጋና ባንክ የላከውን ዶላር ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያመሳክር ክፍል አላችሁ ወይ? ካላችሁ ያገኘውን ለምክር ቤቱ አቅርቡና እኛም እንስማው።