የዝናብ ልኬት ያላሳየው ጥማት፦ የአፈር እርጥበት ክትትል በቢቸናና በሞጣ

የድርቅ ክትትል በአብዛኛው የሚጀምረው ከዝናብ መለኪያ ነው። በአንድ ጣቢያ የተመዘገበው የክረምት ዝናብ ከረጅም ዘመን አማካይ ጋር ተነጻጽሮ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» ይባላል። ይህ አሠራር ጠቃሚ ቢሆንም በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ፣ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። በእነዚህ ደጋዎች ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር ሸክላማ አፈር በስፋት ይገኛል። አርሶ አደሩ በዚህ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ሰብሉም እስከ አጨዳ የሚዘልቀው አፈሩ በቋጠረው እርጥበት ነው። ስለሆነም የሐምሌ ዝናብ በዝቶ የነሐሴው መጨረሻና መስከረም ቢደርቁ፣ የወቅቱ ድምር «መደበኛ» እየተባለ የሽምብራው ማሳ ሊጠወልግ ይችላል።

እርጥበቱን መለካትም የራሱ ችግር አለው። የታወቀው ዘዴ የአፈር ናሙናን መዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አድርቆ፣ እንደገና መመዘን ነው። ይሁን እንጂ ሸክላው ውኃን አጥብቆ ስለሚይዝ ከያዘው ብዙውን ሥር ሊስበው አይችልም፤ በአሸዋማ አፈር «በቂ» የሚባለው ቁጥር በዋልካ ላይ ጥማት ነው። አፈሩ ሲደርቅም ስለሚሰነጠቅ የተቀበረው መሣሪያ ከአፈሩ ጋር ያለው ንክኪ ይላላል፤ ንባቡም የሚዛባው ትክክለኛ መረጃ በእጅጉ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ሳተላይት ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። በጥር 2007 ዓ.ም. የመጠቀው የናሳ «ስማፕ» የሚያነበው ግን የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ አፈር ብቻ ነው፤ የሽምብራ ሥር ከዚያ እጅግ ጠልቆ ይወርዳል። በተጨማሪም ሳተላይቱ ሰፊ ቦታን በአንድ ንባብ ስለሚያጠቃልል የቢቸናን ደጋና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ቆላ ሊያደባልቅ ይችላል።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ሳቢያ ዝናቡ ተዛብቶ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ዜጎች አስቸኳይ የምግብ ድጋፍ አስፈልጓቸዋል። ጉዳቱ የከፋው በምሥራቁ የሀገሪቱ ክፍል ቢሆንም ጥያቄው ለምሥራቅ ጎጃምም ያው ነው፤ ምልክቱ መቼ ይታያል? የመኸር ሰብል ግምገማ የሚካሄደው በኅዳር አካባቢ ነው። በመስከረም መጨረሻ፣ ሥሩ በሚደርስበት ጥልቀት፣ ለዋልካ በተስተካከለ መመዘኛ የሚወሰድ ልኬት ግን ሁለት ወር ያህል ይቀድማል።