ደላላው ከወላጅ ሲቀድም

በዕድር ስብሰባም ሆነ በለቅሶ ቤት ስለ ሕገ ወጥ ስደት ከተነሳ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ድንበሩ ይዘጋ፣ ደላላው ይታሰር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሥራ ያጣን ልጅ በምን አፋችን አትሂድ እንለዋለን?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ የልጅ ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝና ክርክሩን ስሰማ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ወሬው ሁሉ ስለ መንግሥትና ስለ ኬላ ነው። ልጁ ግን ኬላው ጋ የሚደርሰው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ከቤት ሲወጣ እኛ የት ነበርን?

መንገድ መዝጋት ምን እንዳመጣ አስቀድመን እንይ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች እንዳይሄዱ አገደ። በቤት ሠራተኞች ላይ የሚደርሰው ግፍ የሁሉንም ወላጅ አንጀት ይበላ ስለነበር እገዳውን የደገፈው ብዙ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር ቦሌ የወረዱት። ያንን ያየ ሁሉ «ከእንግዲህ ማን ይሄዳል?» ብሎ ነበር።

ሄዱ እንጂ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016፣ እገዳው ገና ሳይነሳ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር አቋርጠው የመን የገቡ ሰዎች ከ100 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2019 ደግሞ ቁጥሩ ከ138 ሺህ ማለፉን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። የገቡትም ጦርነት ወዳለበት አገር ነው።

ሳዑዲ ድንበሯን መጠበቅ መብቷ ነው፤ ማንኛውም አገር በደጁ የሚገባውን ማወቅ ይፈልጋል፣ የእኛም እንደዚሁ። ድንበር መጠበቅና ሰው መግደል ግን የተለያዩ ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ሲል ከሷል። ሳዑዲ ክሱን አስተባብላለች። ጉዞው ግን አልቆመም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በየመን አብያን ባሕር ዳርቻ ጀልባ ሰጥማ በርካታ ወገኖቻችን አለቁ። የደቡቡም መንገድ ከዚህ አይሻልም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ግዛት 64 ኢትዮጵያውያን በከባድ መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ባሕርና ጥይት ያላስቆመውን ልጅ ኬላ ብቻውን ያስቆመዋል ብዬ አላምንም።

ታዲያ ልጁን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው? ድህነት ነው፣ ሥራ ማጣት ነው፣ በየአካባቢው ያለው አለመረጋጋትም አለበት። እኔ ግን ለወላጅ አንባቢ በተለይ አንድ ነገር መንገር እፈልጋለሁ። ድሮ ደላላ ገንዘቡን አስቀድሞ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከመሄዱ በፊት አባቱን በሬ አስሽጦ ወይም እናቱን ዕቁብ አስወጥቶ መሆን ነበረበት። ቤተሰቡ ይመክራል፣ ይጣላል፣ ሽማግሌም ይገባል። ዛሬ ግን ደላላው «አሁን ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ማለት ጀምሯል። ልጁም ወላጁን ማማከር አያስፈልገውም። እውነተኛው ዋጋ የሚነገረው የመን ሲደርስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ልጁ ራሱ መያዣ ሆኗል። ስልክ ይደወላል። ከወዲያ የልጅ ጩኸት ይሰማል፣ ቀጥሎም የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነገራል።

እኔ በተወለድኩበት በወሎ ገጠር የማውቃት አንዲት እናት ይህ ደርሶባታል። ልጇ የ16 ዓመት ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በገበያ ቀን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር እንደወጣ አልተመለሰም። ስልኩ የተደወለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በሬዋን ሸጠች፣ መሬቷን አከራየች፣ ከዘመድ ተበደረች። የመጀመሪያውን ከፍላ ሳትጨርስ ሌላ ሰው ደውሎ ሁለተኛ አስከፈላት። ልጁ በመጨረሻ ተይዞ ተመለሰ፤ ዕዳው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ስጠይቃት የነገረችኝ ይህንን ነው፦ «መሄድ ማሰቡን ጠርጥሬ ነበር። ብጠይቀው የሚከፋው መስሎኝ ዝም አልኩ። ደግሞስ ያንን የጎረቤታችንን የቆርቆሮ ቤት እያየ ነው ያደገው። እኔም ራሴ ሳወድሰው ይሰማ ነበር።»

ይህቺን ሴት የሚወቅስ አንደበት የለኝም። የተናገረችው ግን ብዙ ቤት ያለ ነገር ነው። «የእገሌ ልጅ ለእናቱ ቤት ሠራላት» የሚለው ወሬ ከእኛ ከትልልቆቹ አፍ ነው የሚወጣው። የእገሌ ልጅ በየት በኩል እንደሄደ፣ አብረውት የወጡት የት እንደቀሩ ግን አንጠይቅም። ልጁ ይህንን ሲሰማ ከርሞ፣ አንድ ቀን «ገንዘብ አያስፈልግህም» የሚል ደላላ ቢያገኝ ምን ይመልሳል?

መንግሥትን በሚመለከት የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ኬላ የሚጠቅመው አጠገቡ በር ሲኖር ነው። ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ወጥቷል፤ ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከኳታርና ከዮርዳኖስ ጋርም የሥራ ስምምነት ተፈርሟል። ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ በር ሲያልፉ የኖሩት በአብዛኛው ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። በጅቡቲና በየመን በረሃ የሚጓዙት ግን አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። ለእነሱ የግንባታ፣ የእርሻ፣ የሾፌርነት ሥራ በውል ተደራድሮ ካልተገኘ በር ተከፈተ ማለት አይቻልም። ደላላን ማሰርም ተገቢ ነው፤ ሆኖም የሚታሰረው ብዙውን ጊዜ ልጆቹ ካለቁ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት ይህ ነው።

በሩ እስኪሰፋ ድረስ ግን ቤታችን ባለው ነገር እንጀምር። ልጁን በግልጽ ጠይቁት። «የመሄድ ሐሳብ አለህ ወይ?» ማለት መንገድ ማሳየት አይደለም፤ ሐሳቡ ከእናንተ በፊት ደርሶታል። በተለይ የፈተና ውጤት ሰሞን አትራቁት። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አትርሱ። በየሰፈሩ «ዋጋ የለኝም» ብሎ የተቀመጠ ልጅ ነበር። በዚያ ሳምንት «ድሮም አታነብም» ያለው አባትና «እኔ ሥራ አለልህ» ያለው ደላላ እኩል አይደመጡም።

አያቶችም ድርሻ አለን። ልጅ ለወላጁ የማይናገረውን ለአያቱ ይናገራል። ከስደት የተመለሰ ልጅ በሰፈራችን ካለ ቡና አፍልተን እንጥራው፤ ያየውን እሱ ራሱ ይንገራቸው። የእሱ አንድ ምሽት ከእኛ አሥር ምክር ይበልጣል። ደግሞም ተመላሹ ራሱ ባዶ እጁን መጣ ተብሎ ሲታማ የከረመ ነውና ሰው አድርጎ የሚሰማው ይፈልጋል።

ለሥራ መሄድ የግድ ከሆነም ዕድሜው 18 ይሙላ፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ይሁን፣ የሥራ ውሉን በዓይናችሁ እዩት፣ ቅጂውንም ቤት አስቀሩ። በሕጉ መሠረት የቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። «ለቪዛ» ብሎ ከእናንተ ብር የሚጠይቅ፣ ወይም «ምንም አትክፈሉ፣ ብቻ ልጁን ስጡኝ» የሚል ሰው ከመጣ ሁለቱም አንድ ናቸው። በራችሁን ዝጉበትና ለፖሊስ ንገሩ። ከዚያ ከልጁ ጋር ተቀመጡ፤ ለምን እንደመጣ፣ ማን እንደላከው ልጁ ያውቃልና።