ስም ብቻውን ዐይነት አይሆንም፤ ታይፕዴፍና ስትራክት በሲ ቋንቋ የአጻጻፍ ሥርዐት

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ቀጠሮ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚመዘገብ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ቀኑ የሚቆጠረው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። የሲ ቋንቋ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮሳውያንን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ተቋማት በሲ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ሁለቱን አቆጣጠሮች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ማኖር ግድ ይለዋል። በሲ ጸሓፊዎች ዘንድ ሲያከራክር የኖረው የታይፕዴፍና የስትራክት ጉዳይ የጣዕም ልዩነት ብቻ አለመሆኑ በዚህ ሥራ ላይ በግልጽ ይታያል።

ስትራክት የተለያዩ መረጃዎችን በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ አዲስ የመረጃ ዐይነት ይፈጥራል። ታይፕዴፍ ግን አዲስ ዐይነት አይፈጥርም፤ ቀድሞ ላለ ዐይነት ተጨማሪ ስም ያወጣለታል እንጂ። የቤት ስም እንደማለት ነው። የቤት ስም ለቤተሰቡ ይጣፍጣል፤ በመዝገብ ላይ ግን የሚጠየቀው ሙሉ ስም ነው።

አንድ ፕሮግራም አዘጋጅ በታይፕዴፍ «የኢትዮ ወር» እና «የፈረንጅ ወር» የሚሉ ሁለት ስሞችን ለተራ ኢንቲጀር አወጣ እንበል። ስሞቹ ሲነበቡ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ለኮምፓይለሩ ግን ሁለቱም ያው ኢንቲጀር ናቸው። የሲ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ወራትን ከ0 እስከ 11 ስለሚቆጥር 8 ማለት ሴፕቴምበር ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከ1 እስከ 13 ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ መዝገብ ግን 8 ሚያዝያ ነው። አንደኛው በሌላኛው ቦታ ቢገባ ኮምፓይለሩ ድምፁን አያሰማም፤ ለመስከረም የተሰጠ ቀጠሮ ሚያዝያ ተብሎ ይታተማል። ሁለቱ ወራት ለየራሳቸው በስትራክት ቢታቀፉ ኖሮ ስሕተቱ ገና ፕሮግራሙ ሳይሠራ በተያዘ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በስትራክት የታቀፈ መረጃ በታይፕዴፍ ሌላ ስም ቢወጣለትም ጥበቃው አይቀርበትም። ችግሩ ያለው በአንባቢው ዘንድ ነው። «የኢትዮ ወር» የሚለውን ስም ብቻ የሚያይ ሰው ከበስተጀርባው የተጠበቀ ስትራክት ይኑር ወይስ ተራ ኢንቲጀር ለይቶ ማወቅ አይችልም። «ስትራክት» የሚለው ቃል በስሙ ፊት ሲቆም ግን ነገሩ በየመስመሩ ይታወቃል። ታይፕዴፉ ፖይንተርን ሲሸፍን ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እንዲህ ባለ ስም ላይ ኮንስት የሚለው ቃል ቢጨመር የሚጠበቀው ፖይንተሩ ራሱ ነው፤ የሚያመለክተው መረጃ ግን እንደ ልብ ሊለወጥ ይችላል።

መደበኛው ቤተ መጻሕፍት ራሱ ጥሩ አብነት ይሰጣል። ፋይል የሚለው ዐይነት በታይፕዴፍ የተሰየመ ነው፤ ተጠቃሚው ውስጡን ሊነካ አይገባውምና። ስትራክት ቲኤም ግን ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ በተጠቃሚው እንዲነበቡ ስለተዘጋጀ በሙሉ ስሙ ይጠራል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚህ ስትራክት ውስጥ ዓመቱ 124፣ ወሩ 8፣ ቀኑ 11 ሆኖ ይገኛል፤ ዓመቱ ከ1900 ጀምሮ የሚቆጠር ነውና። የሊኑክስ ከርነል የአጻጻፍ መመሪያም ከዚህ አይርቅም፤ ለስትራክቶችና ለፖይንተሮች ታይፕዴፍ ማውጣትን ስሕተት ይለዋል፤ ውስጣቸው ፈጽሞ ለተዘጉ ዐይነቶችና ለጥቂት ሌሎች ሁኔታዎች ግን ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ጥቅም ከቅድመ መግለጫ ይገኛል። የቀጠሮው ክፍል የቀኑን ስትራክት በፖይንተር ብቻ የሚቀበል ከሆነ የቀኑን ሄደር ፋይል ሙሉ በሙሉ ማስገባት አያስፈልገውም። «እንዲህ የሚባል ስትራክት አለ» የሚል አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ይህ መስመር በተለያዩ ፋይሎች ቢደጋገምም ጠብ አያስነሣም። አንድን ታይፕዴፍ በአንድ ወሰን ውስጥ መድገም ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሲ ደረጃ እስኪፈቅደው ድረስ ክልክል ነበር። ስትራክቱ የራሱ ስም ሳይኖረው በታይፕዴፍ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ቅድመ መግለጫ ሊጻፍለት አይችልም። ቅድመ መግለጫም የራሱ ገደብ አለው፤ በእርሱ ብቻ የስትራክቱን መጠን ማወቅም ሆነ ውስጡን መንካት አይቻልም። መስመሩም ከፈንክሽኑ በፊት መቅደም አለበት፤ ስትራክቱ መጀመሪያ የተጠቀሰው በፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ ከሆነ ስሙ ከዚያ ወሰን አያልፍም።

ታይፕዴፍን የሚደግፉ ወገኖች የሚያነሡት መከራከሪያ ዋጋ ቢስ አይደለም። «ስትራክት» የሚለውን ቃል በየቦታው መድገም ያሰለቻል፤ በተለይም ፕሮግራም መጻፍን በሲ ፕላስ ፕላስ ለጀመረ ተማሪ፤ በዚያ ቋንቋ የስትራክቱ ስም ብቻውን ይበቃልና። አንድ ዐይነት ወደፊት ከኢንቲጀር ወደ ስትራክት ሊለወጥ የሚችል ከሆነም ስሙን በታይፕዴፍ መሸፈን ተጠቃሚውን ከድካም ያድናል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ውስጡ በእውነት ለተዘጋ ነገር ነው። ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ በየፈንክሽኑ የሚነበብን ስትራክት በታይፕዴፍ መሸፈን ግን በሩን ከፍቶ መጋረጃ እንደ መጋረድ ነው።

ጉዳዩ በይበልጥ የሚከብደው የፕሮግራሙ ጸሓፊና ተረካቢ አንድ ሰው ስላልሆኑ ነው። ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል፤ የጻፈው ፕሮግራም ግን ከተቋሙ ጋር ይቀራል። ከዓመታት በኋላ የሚረከበው ባለሙያ ጸሓፊውን ጠርቶ «ይህ ስም ምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቀው አይችልም። ስለዚህ ሲን የሚያስተምሩ የትምህርት ክፍሎች ለመመረቂያ ሥራዎች ሦስት ቀላል ደንቦችን ቢያጸኑ ይበጃል፤ ውስጡ የሚነበብ ስትራክት በሙሉ ስሙ ይጠራ፤ ፖይንተር በታይፕዴፍ አይሸፈን፤ ሄደር ፋይል የሚያስፈልገው ስሙ ብቻ ሲሆን ቅድመ መግለጫ ይጻፍ። የሚጠይቁት ዋጋ በየመስመሩ አንድ ቃል መጨመር ነው፤ የሚያስቀሩት ደግሞ መስከረም ሊታይ የሚገባውን ታካሚ ለሚያዝያ የሚቀጥርን ስሕተት ነው።